ለሞክሼያችን የመጣ መልእክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በጂዛን ከተማና በአቡ አሪሽ፣ በሰብያና በሳምታ፣ በጠረፉ በጡዋል፣ በተራራው በዳይርና በፊፋ ያላችሁ ሁሉ፣ 

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ጥያቄ ላከልን። መጀመሪያ ስናነበው ሳቅን፤ ደግመን ስናነበው ግን በግል መልሰን የምንተወው ሆኖ አላገኘነውም። እርሱም ስሙ ሳይጠራ እዚህ እንዲወጣ ፈቅዷል። ወንድማችን መኪና እያጠበ የሚያድር ሰው ነው። አገር ቤት ተማሪ ሳለ በስሙና በአባቱ ስም ያወጣው የጂሜይል አድራሻ አለው። አዲስ አበባ ደግሞ በስምም በአባት ስምም የሚገጥመው አንድ ሞክሼ አለ፤ የዚያ ሰው ደብዳቤ እየተሳሳተ ወደ እርሱ ይመጣል። (በጂሜይል አድራሻ ውስጥ በስምና በአባት ስም መካከል ነጥብ ቢገባም ባይገባም የሚደርሰው አንድ ሳጥን ነው። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ነጥብ ጨምሮ የራሱን አድራሻ የለየ ይመስለዋል።)

አንድ ቀን የሠርግ አስተባባሪዎች ማን ምን እንደሚያዋጣ ጠየቁ። ወንድማችን «በሬው በእኔ ይሁን፣ ቀንዱን ቀብቼ እነዳዋለሁ» ብሎ መለሰ። እነርሱም መርቀው ጻፉለት። ሌላ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ሞክሼውን ለሥራ ፈተና ጠራ። «መኪናና ሹፌር ካልላካችሁልኝ አልመጣም» አለ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ማታ ማታ «ዛሬስ ምን መጣ?» እያሉ በዙሪያው ይሰበሰባሉ። ሲጨርስ እንዲህ ብሎ ጠየቀን፦ «አባቴ፣ ይህም ንስሐ ይገባበታል እንዴ? ማንንም አልሰረቅሁ፣ ማንንም አልሰደብሁ።»

ይህ ጥያቄ እንደ እኛ ባለ ስደተኛ መካከል ትንሽ አይደለም። እኛ በስልክ የምንኖር ሕዝብ ነን። ደጀ ሰላሙ፣ ሰንበቴው፣ የእናት ድምፅ፣ የልቅሶ መርዶ፣ ሁሉም የሚደርሰን በዚህችው በእጃችን ባለችው መስተዋት ነው። በእርሷ በኩል የሚመጣው ነገር የማን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

አስቀድሞ ስለ ሞክሼነት ጥቂት እንበል። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ ቢበዛ የአያት ስም ነው። ስለዚህ ሞክሼያችን ብዙ ነው። ወደዚህ ስንመጣ ደግሞ ይባስ ይበዛል። ስማችን በአረብኛ ይጻፋል፤ አረብኛም ለገ፣ ለቸ፣ ለጨ፣ ለኘና ለፐ የራሱ ፊደል የለውም። ጌታቸው ብሎ የሰጠ ሰው «ጂታትሹ» ተብሎ ቢጠራ አይደነቅ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. በጀመረው ምለሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር ተመልሰዋል። ከእነዚያ መካከል ስንት አበበ ከበደ፣ ስንት መሐመድ አሊ እንደነበረ አስቡት። አንድ ስም ሲጠራ ስንት ሰው «አቤት» እንደሚል አስቡት። ከእኅቶቻችን መካከልም ለሥራ ሲመጡ በፓስፖርታቸው ሌላ ስም የተጻፈላቸው አሉ። የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፓስፖርት ስም፤ አንዲቱ ሴት ሦስት ዓይነት ሞክሼ አላት ማለት ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሞክሼ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ፊደሉ ነው። ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ሀና ሐና ኀ በአማርኛ አፋችን አንድ ድምፅ ናቸው። በግእዝ ግን ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባው ግብር ነው። መሀረ አስተማረ ነው፣ መሐረ ይቅር አለ ነው። የቅኔ መምህሮቻችን በዚህ ነገር ምሕረት አልነበራቸውም። ተማሪው «ድምፁ አንድ ነውኮ» ቢል «ባለቤቱስ?» ይሉታል። ቅዱስ መጽሐፍም እንዲሁ ጠንቃቃ ነው። በግብረ ሐዋርያት ሦስት ሐናንያዎች አሉ፦ አንዱ ከመሬቱ ዋጋ ደብቆ የዋሸው፣ አንዱ የሳውልን ዓይን ያበራው፣ አንዱ ጳውሎስን አፉን እንዲመቱት ያዘዘው ሊቀ ካህናት። ቅዱስ ዮሐንስም በምዕራፍ 14 ይሁዳ ጌታን የጠየቀውን ሲጽፍ ጠያቂው የአስቆሮቱ ይሁዳ አለመሆኑን ለይቶ ይነግረናል። ወንጌላዊው በአንዲት አጭር ቃል ንጹሑን ሰው ከሞክሼው ዕዳ አዳነው።

አሁን ወደ ሳቁ እንምጣ። ሳቅ ኃጢአት ነው የሚል ካህን ካለ ከእኛ አይደለም። ሣራ በድንኳኗ ሳቀች፤ የተወለደላትም ልጅ ይስሐቅ ተባለ፣ ሳቅ ማለት ነው። ከእኛው ቤት አለቃ ገብረ ሃና አሉ። የተክሌን አቋቋም ለቤተ ክርስቲያን ያስገኙ ሊቅ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ከዝማሜያቸው ይልቅ በጨዋታቸው ያውቃቸዋል። እርሳቸው ያልተናገሩትም ቀልድ ብዙ ነው በስማቸው የሚነገረው። የሰው ሁሉ ቀልድ ተሳስቶ የሚደርሰው ለእርሳቸው ነው ብንል ያስኬዳል።

በዚህ በያዝነው ጉዳይም ቢሆን ደግ ሳቅ አለ። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ጆን ሉዊስ የሚባል የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር አለ። በእንግሊዝ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ ትልቅ ሱቅ አለ። መምህሩ በትዊተር ላይ ስሙን ቀድሞ ስለያዘው፣ ሶፋው ዘገየብኝ፣ ዕቃው ተሰብሮ መጣ የሚል የእንግሊዝ ሰው ሁሉ የሚጮኸው በእርሱ ላይ ሆነ። እርሱ ግን ለዓመታት በትሕትናና በጨዋታ እየመለሰ፣ እኔ ሱቁ አይደለሁም፣ ሱቁን በዚህ ታገኙታላችሁ እያለ ሰዎቹን ወደ ትክክለኛው በር ሲሸኝ ኖረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ትዊተር ራሱ በዚህ ሰው ታሪክ የገና ማስታወቂያ ሠርቷል።

እኛም አልቀረልንም። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አንድ ሰው «ሁለት ሙክት አስቀምጥልኝ፣ ዋጋውን ቁረጥ» ብሎ ጻፈልን። በሰብያ በኩል ለአሠሪው በግ የሚሸጥ ሞክሼ አለን። «በጎች አሉን፣ ነገር ግን ባለቤታቸው በደሙ የገዛቸው ናቸውና አንሸጥም፤ ጌታዬ የሚፈልጉት ሌላውን ሳይሆን አይቀርም» አልነው። ሰውየው ደውሎ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለና «ለካ ቄስ ኖረዋል፤ እንግዲያስ የእናቴን የክርስትና ስም ይያዙልኝ» አለ።

እንግዲህ በወንድማችን ቀልድና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ያስቃሉ። የወንድማችን እንዲያውም ይበልጥ ያስቃል፣ እንመስክርለት። ልዩነቱ በአንዲት ቃል ነው። መምህሩ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ይስቃል። ወንድማችን «እኔ ነኝ» ብሎ ይስቃል። «እኔ አይደለሁም» ያለው ሰው መልእክቱን ለባለቤቱ መልሷል፤ የጨመረው ጨዋታ እንደ ምርቃት ነው። «እኔ ነኝ» ያለው ግን የሰውን ስም ለብሶ በሰው ፈንታ ቃል ገብቷል። አስተባባሪዎቹ አንድ በሬ ቆጥረው ተቀምጠዋል። የሥራ ፈተናው የቀረበት ያ ሞክሼ በአዲስ አበባ ምን ብሎ እንደዋለ ደግሞ ማን ያውቃል? ምናልባት ያን ቀን ሁሉ ስልኩን ሲያይ ውሎ ይሆናል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከበሬና ከፈተና ያልፋል። ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በየመን በኩል የመጣችሁ ናችሁ፤ መንገዱን ለእናንተ አንተርክም። ከእናንተ በኋላም እየመጡ ያሉ አሉ፣ እናቶቻቸውም በእጃቸው ባለው ቁጥር ሁሉ ይጽፋሉ። ከቁጥሮቹ ብዙዎቹ ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ ናቸው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ደረስክ ወይ?» ብላ ጻፈች። ስሙ ገጥሟል፤ የደረሰው ግን ለሌላ ልጅ ነው። ልጁም ጓደኞቹን ለማሳቅ «ደርሻለሁ እማዬ፣ ጂዛን ላይ ሹመት ሰጥተውኛል» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ልጅ ነው። እርሷ ግን ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። ያለ ልክ የከበደው ነገር ከዚያ በኋላ ነው፦ መፈለግ ተወች። ደላላ መጠየቅ፣ ከመንገድ የተመለሱትን መጠየቅ፣ ጅዳ ወዳለው ቆንስላ ሰው መላክ፣ ይህን ሁሉ ተወች፤ ልጇ ደርሷልና። እውነቱ እስኪታወቅ ያለፉትን ቀናት ማንም ሊመልስላት አይችልም። ሐሰተኛ መርዶ ጭካኔ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ሐሰተኛ ምሥራችም ያንኑ ያህል እንደሚጎዳ በዚህ አየን።

ሌላም አደጋ አለ፣ ይህኛው ለራሳችሁ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. መድኃኔ የሚባል አንድ ኤርትራዊ ወጣት በካርቱም ተይዞ ወደ ጣሊያን ተላከ። የተፈለገው በዚሁ ስም የሚጠራ የታወቀ ሰው አሻጋሪ ነበር። በስልኩና በፌስቡኩ ያለው ሁሉ ለክስ ቀረበ። እናቱ የዲኤንኤ ምርመራ ለመስጠት ፓሌርሞ ድረስ መጣች። ፍርድ ቤቱ የተፈለገው ሰው እርሱ አለመሆኑን ያረጋገጠው በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ነው። በሌላ ቀለል ባለ ክስ የተፈረደበትንም በእስር ስለጨረሰው ተለቀቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያ ሰው በቀልድ እንኳ «እኔ ነኝ» አላለም፤ በየቀኑ «እኔ አይደለሁም» እያለ ሦስት ዓመት ታሰረ። እንግዲህ ለሞክሼህ የተላከ የደላላ መልእክት ደርሶህ፣ «ሰዎቹን ተረከብክ?» ሲልህ «አዎ፣ አሥር ናቸው፣ ሁለቱ ወፍራም ናቸው» ብለህ ብትቀልድ፣ በሳምታ መንገድ ላይ ስልክህን ከፍቶ የሚያነብ ወታደር ቀልድህን በምን ቋንቋ ይረዳልሃል?

ከመጽሐፍ ሁለት ሰዎችን እናንሣ። አንደኛው ዔሊ ነው። ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ በስሙ ተጠራ። የጠራው እግዚአብሔር ነበር፤ ሳሙኤል ግን ወደ ዔሊ ሮጠ። ይህ በስም መመሳሰል የመጣ ስሕተት አይደለም፣ የበር ስሕተት ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ይሠራል። ዔሊ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ፈዟል፣ እንቅልፉ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ቢቀልድበት ወይም ቢቆጣው ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን አልጠራሁህም፣ ተመለስ አለው። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ሲገባው ለጠሪው እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። ይህን እኛ ስናስበው ሁልጊዜ ያስደንቀናል፤ ዔሊ ልጆቹን ባለመቆጣቱ የተወቀሰ ሰው ነውና። በማግሥቱም ነገሩን ሁሉ እንዲነግረው ብላቴናውን አማጸነው። መልእክቱ በገዛ ቤቱ ላይ የተነገረ ፍርድ ሆኖ ሳለ አደራውን ሳይነካ አሳለፈ።

ሁለተኛው ያዕቆብ ነው። ዓይኑ የፈዘዘ አባት ማን ነህ ሲለው የበኵር ልጅህ ዔሳው ነኝ አለ። ሊቃውንቱ ይህን ሲተረጉሙ ብኵርናውን አስቀድሞ በምስር ወጥ እንደገዛ ያነሣሉ፤ እኛም አባታችንን ያዕቆብን ለመክሰስ አልተነሣንም። የሆነውን ግን እንይ። ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። እናቱ ለጥቂት ቀን ብላ ሸኘችው፤ ከዚያ በኋላ በዓይኑ እንዳያት የሚናገር ጽሑፍ አናገኝም። በሰው አገር በሰው በግ ላይ ሃያ ዓመት እረኛ ሆነ። የሠርጉም ሌሊት ራሔል ናት ብሎ የተቀበላት ሴት ሲነጋ ልያ ሆና ተገኘች። በጨለማ በወንድሙ ስም አቤት ያለ ሰው፣ በጨለማ በእኅቷ ስም የገባች ሚስት አገኘ። የስደትንና የእረኝነትን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያሻንም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለምትሉ፣ ሕጉ ከድሮም አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምህ በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ብታይ ዝም ብለህ አትለፍ፣ መልስለት ይላል፤ ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ወይም ባታውቀው ቤትህ አስገብተህ እስኪፈልገው ጠብቅለት ይላል። ፍየል የምትጠብቁ ወንድሞቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጆሮዋ ላይ የሌላ ሰው ምልክት ያለባት ፍየል ከመንጋችሁ ስትቀላቀል ፀጉሯን ላጭታችሁ አትስቁባትም። ተሳስቶ የመጣ መልእክትም ምልክት ያለባት ፍየል ነው። ሳትጠየቁ የተቀበላችሁት አደራ ነው።

ይህ ማለት ለሁሉም ደብዳቤ ጸሐፊ ሁኑ ማለት አይደለም። በተለይ በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቻችን፣ ከማታውቁት ወንድ የመጣን መልእክት «ተሳስተዋል» ብላችሁ በአንድ ቃል መዝጋት፣ ወይም ጨርሶ ዝም ማለት መብታችሁ ነው። በስሕተት የተላከ መስሎ የሚጀምር፣ ሰላምታ እያበዛ ሄዶ በመጨረሻ ገንዘብ የሚጠይቅ ማጭበርበር እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚያ ጋር ጨዋታ የሚገጥም ሰው ሲያታልል የሚታለል ነው። ከሁሉ የሚከፋብን ግን ስክሪንሾቱ ነው። የማታውቁት ሰው በሆሄ ስሕተት የጻፈውን፣ ምናልባትም ማንበብ የማትችል እናት የጎረቤት ልጅ ለምና ያስጻፈችውን፣ ሦስት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ ለጥፎ መሳቅ። መልእክቱን የላከችው ለአንድ ሰው ነበር።

ወንድማችንን ንስሐ ይገባበታል ወይ ላለው በግል መልሰንለታል፤ ያ የእኛና የእርሱ ነው። እዚህ የምንናገረው፣ ለሠርጉ አስተባባሪዎች «በሬ የለኝም፣ ሞክሼ ነኝ» ብሎ እንዲጽፍ እንዳዘዝነው ነው። ጽፏል። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላም ሳቁ አለን።

ስለ ጸሎት ስም አንድ ነገር እንጨምር። በአርባና በሰማንያ ቀናችን የተሰጠን የክርስትና ስም ከሁሉ ይልቅ ሞክሼ የበዛበት ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ በላካችሁልን ዝርዝር አሥራ አንድ ወለተ ማርያም፣ ሰባት ገብረ ሚካኤል፣ አራት ኃይለ ማርያም አሉ። «አባቴ፣ የእኔዋ ወለተ ማርያም ከሌላዋ እንዳትምታታ የአባቷን ስም ልጻፍ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ጻፉ፣ አይከፋም፤ እኛን ያግዘናል። የምንጠራት ግን አሥራ አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ጠርተን ለሁሉም ይሁን ብለን አናውቅም።

በመጨረሻ፣ በእጃችን አንድ የጠፋ መልእክት አለ። ከወሎ የተጻፈ ነው። የተላከለት ልጅ በእኛ አካባቢ እንዳለ ይናገራል፤ የደረሰው ግን ለሞክሼው ነው። እርሱም ሳይስቅበት፣ ለማንም ሳያሳይ ለእኛ አሳለፈው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ደብዳቤው ላሟ እንደወለደች፣ ጥጃዋ ሴት እንደሆነች፣ በልጁም ስም እንደተያዘች ይናገራል። ሌላም አለበት፣ እርሱን ለባለቤቱ ብቻ እንነግራለን። የልጁን ስም እዚህ አንጽፍም፤ ብንጽፈው አርባ ሰው አቤት ይለናልና። እናትየዋ ላሟን በስሟ ጠርታታለች። የላሟን ስም የሚያውቅ ልጅ በግል ይጻፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቆየን።